መልቲታስኪንግ በይነገጽ ለሊኑክስ የእጅ ጌም መሣሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች፣ በሊኑክስ ለሚሠሩ በእጅ የሚያዙ የጌም መሣሪያዎች ከአንድ ጌም ወደ ሌላው፣ ከጌም ወደ ሙዚቃ ማጫወቻ ወይም ወደ ሴቲንግ መቀያየር የሚያስችል በይነገጽ ለመሥራት የተነሡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት ፕሮግራም መጻፍ ለሚያውቅ፣ የሊኑክስን የውስጥ አሠራር ግን ገና እየተለማመደ ላለ አንባቢ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊኑክስ ከጥንትም ብዙ ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን ያሠራል፤ ታዲያ ለእኔ የቀረው ሥራ ምንድን ነው?

ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ በራሱ የሚያካፍለው የፕሮሰሰሩን ጊዜና ራሙን ነው። ስክሪኑን፣ ቁልፎቹንና ድምፁን ማን መቼ እንደሚይዝ ግን አይወስንም። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ይህን የሚዳኙት የመስኮት አስተዳዳሪው፣ ኮምፖዚተሩ (የፕሮግራሞችን ምስል አዋሕዶ ወደ ስክሪን የሚያወጣው) እና የድምፅ ሰርቨሩ ሲሆኑ፣ የእጅ መሣሪያዎች፣ በተለይም የቀደሙት፣ ራም ለመቆጠብ ሲሉ እነዚህን ሁሉ ትተዋቸዋል።

የደቡብ ኮሪያው ጌምፓርክ ሆልዲንግስ በ2005 መጨረሻ ያወጣውን ጂፒ2ኤክስን ብንወስድ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። መሣሪያው 200 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት የአርም ፕሮሰሰሮች፣ 64 ሜጋባይት ራምና 320 በ240 ስክሪን ነበረው፤ ከራሙም ሊኑክስ የሚያስተዳድረው ግማሹን ብቻ ሲሆን ቀሪው ለቪዲዮ ሃርድዌሩና ለሁለተኛው ፕሮሰሰር የተተወ ነበር። ሜኑው ጌም ሲያስነሳ ራሱ ይጠፋና ቦታውን ለጌሙ ይለቃል፤ ጌሙ ሲያልቅ ሜኑውን መልሶ ማስነሳት ደግሞ የጌሙ ጸሐፊ ግዴታ ነበር። ይህን አንድ መስመር የረሳ ፕሮግራም ተጠቃሚውን መሣሪያውን አጥፍቶ ከማብራት በቀር ምርጫ ያሳጣዋል። ብዙዎቹ ጌሞች የሃርድዌሩን ሬጂስተሮችም ከከርነሉ ተሻግረው በቀጥታ ይነካኩ ስለነበር፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አስነስቶ በሰላም ማኖር የማይታሰብ ነበር።

የመልቲታስኪንግ በይነገጽ ሥራ እንግዲህ እዚህ ላይ ይጀምራል፦ እንደ ዱላ ቅብብል፣ ስክሪኑን፣ ቁልፎቹን፣ ድምፁንና ራሙን ከአንዱ ፕሮግራም ተቀብሎ ሳይወድቁ ለሌላው ማስረከብ ነው። ሜኑውን ማሳመር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ስክሪኑን በመስኮቶች ልከፋፍለው?

በአብዛኛው አያስፈልግም። በ2010 ለገዢዎች መድረስ የጀመረው ፓንዶራ 800 በ480 የሆነ ባለ 4.3 ኢንች ንክኪ ስክሪን ስለነበረውና ሙሉ ኪቦርድም ስለተገጠመለት፣ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ ከነመስኮቶቹ ማሠራቱ ትርጉም ነበረው። በአቅጣጫ ቁልፍና በጥቂት በተኖች ብቻ ለሚታዘዝ መሣሪያ ግን አንድ ፕሮግራም ሙሉውን ስክሪን ይዞ፣ የቀሩት በመቀያየሪያ ዝርዝር ውስጥ ተራቸውን ቢጠብቁ ለተጠቃሚውም ለገንቢውም ይቀላል።

ስክሪኑን ከሚሠራው ጌም ላይ እንዴት እቀበላለሁ?

ይህን የሚወስነው የመሣሪያው ድራይቨር ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሞ መጣራት ያለበት እሱ ነው።

በርካሾቹ መሣሪያዎች ላይ ፕሮግራሞች የሚሥሉት በቀጥታ በፍሬምባፈር ላይ ነው። ፍሬምባፈር ፈቃድ ያለው ማንኛውም ፕሮግራም ከፍቶ የሚጽፍበት የሚሞሪ ክፍል በመሆኑ፣ ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ላይ ሲጽፉበት ከልካይ የለም፤ ምስሉ ይብለጨለጫል፣ አንዱም በሌላው ላይ ይደርባል። በዚህ ሁኔታ የሚያዋጣው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ጌሙን ባለበት ማቆም፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን ምስል ከፍሬምባፈሩ መቅዳት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የራስን ሜኑ መሣል ነው። ጌሙ ሁለት ገጾችን እያፈራረቀ የሚሥል ከሆነ፣ በዚያች ቅጽበት የሚታየው የትኛው ገጽ እንደሆነ ድራይቨሩን መጠየቅ ግድ ይላል፤ አለዚያ የሚቀዳው በግማሽ የተሣለ ምስል ይሆናል። ወደ ጌሙ ሲመለሱም የተቀዳውን ምስል ወደ ቦታው መመለስ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ጌሞች የተለወጠውን የስክሪን ክፍል ብቻ እየሣሉ ስለሚሄዱ፣ ይህ ካልተደረገ የሜኑው ቅሪት ጥግ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የቀለሙ ጥልቀትና የስክሪኑ መጠንም ጌሙ እንደተዋቸው መመለስ አለባቸው።

የሚቀዳው ምስል የሚወስደው ቦታ ብዙ አያሳስብም። 640 በ480 የሆነ ስክሪን በ32 ቢት ቀለም 1,228,800 ባይት ይይዛል፤ ለመቀያየሪያው ዝርዝር ወደ 160 በ120 አሳንሶ በ16 ቢት ማስቀመጥ ግን 38,400 ባይት ብቻ ስለሚጠይቅ፣ የብዙ ጌሞችን ምስል አንድ ላይ መያዝ አይከብድም።

አዲሱ የከርነሉ የስክሪን አስተዳደር፣ ማለትም ዲአርኤም፣ አሠራሩ ይለያል። በአንድ ጊዜ የስክሪኑን ሁናቴ መቀየር የሚችለው ማስተር የሚባለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ይህ ግጭቱን ቢያስቀርም፣ ጌሙ ማስተርነቱን ከጨበጠ በይነገጹ መግቢያ በር ያጣል። መፍትሔው ኮምፖዚተር ከመጀመሪያው ማስተርነቱን ይዞ እንዳይለቅ፣ ጌሞቹም ለእሱ ምስል የሚያቀርቡ ደንበኞች እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ቫልቭ በፌብሩዋሪ 2022 ማድረስ በጀመረው ስቲም ዴክ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ጌምስኮፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር ነው። ጌሙ የሚያየው ጌምስኮፕ ያዘጋጀለትን ምናባዊ ስክሪን ነው፤ የትኛው ጌም ፊት እንደሚቀርብ፣ ሜኑው ከላይ ይደረብ አይደረብ የሚወስነው ኮምፖዚተሩ ከስቲም፣ ማለትም ከቫልቭ የጌም መደብርና ማስነሻ ፕሮግራም፣ በሚቀበለው ትእዛዝ ነው። በእኔ እይታ ከዚህ ሶፍትዌር መማር የሚገባው ትልቁ ነገር ቁጠባው ነው፦ ጌሙ ብቻውን በሚታይበት ጊዜ ምስሉን ሳያዋሕድ በቀጥታ ወደ ስክሪኑ ማሳለፍ ስለሚችል፣ ኮምፖዚተር መኖሩ ብቻውን ፍጥነት አይቀንስም። በ60 ኸርዝ ስክሪን ላይ ለአንድ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ በመሆኑ፣ በየፍሬሙ የሚጨመር አላስፈላጊ ቅጂ ወዲያው ይታወቃል።

ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። የማሊ ግራፊክስ ቺፕ ያላቸው በርካታ መሣሪያዎች ለፍሬምባፈር ብቻ ከተዘጋጀ የአምራቹ ዝግ ድራይቨር ጋር ስለሚመጡ፣ በእነሱ ላይ ኮምፖዚተር ማሰብ ድካም ብቻ ነው። ሊማና ፓንፍሮስት የተባሉት ክፍት ድራይቨሮች በ2019 ከከርነል 5.2 ጋር ከገቡ ወዲህ ግን፣ አዲስ ከርነል የሚቀበሉት መሣሪያዎች ዕድላቸው ሰፍቷል።

ሜኑው ሲከፈት ጌሙን ላቁመው ወይስ ከበስተጀርባ ይቀጥል?

ሌላ ካልተባለ በቀር ማቆም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ማንም የማያየውን ጌም በሰከንድ 60 ጊዜ መሣል ባትሪ መጨረስ ነው፤ የመጀመሪያው ስቲም ዴክ እንኳ የያዘው 40 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ብቻቸውን እስከ 15 ዋት ሊወስዱ ይችላሉ። ከዚህ ደንብ ውጭ መሆን ያለባቸው ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ፋይል የሚያወርድ ፕሮግራምና በኢንተርኔት ከሰው ጋር የሚጫወቱት ጌም ናቸው፤ የኋለኛው ለጥቂት ጊዜ ከቆመ ሰርቨሩ ግንኙነቱን ይቆርጠዋልና።

ቀላሉ ማቆሚያ ሲግስቶፕ የተባለው ሲግናል ነው። ፕሮግራሙ ሊከለክለው ወይም ሊንቀው አይችልም፤ ሲግኮንት ሲላክለት ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል። ችግሩ ብዙ ጌሞች ከአንድ ፕሮሰስ በላይ የሚያስነሱ መሆናቸው ነው፤ ዋናው ቆሞ ልጁ ድምፅ ማጫወቱን ከቀጠለ ቆመ አይባልም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጌም በራሱ ሲግሩፕ (ከርነሉ ፕሮሰሶችን በቡድን የሚያስተዳድርበት ክፍል) ውስጥ ማስነሳትና ሲግሩፑን በሙሉ ማገድ የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ከጌሙ የሚወለድ ፕሮሰስ ሁሉ እዚያው ውስጥ ስለሚቆይ ሾልኮ የሚቀር አይኖርም። በሁለተኛው የሲግሩፕ ትውልድ ይህ ችሎታ የተጨመረው በከርነል 5.2 ነው፤ የቆየ ከርነል ያለው መሣሪያ የመጀመሪያውን ትውልድ መጠቀም ይኖርበታል።

ከማቆም ይልቅ ማስቀጠሉ ነው ራስ ምታት የሚያመጣው። ብዙ ጌሞች ካለፈው ፍሬም ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ከሰዓት አንብበው እንቅስቃሴን ያሰላሉ፤ የከርነሉ ሰዓት ግን ጌሙ በቆመበት ጊዜም ይቆጥራል። ተጠቃሚው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ጌሙ የአሥር ደቂቃ እርምጃ በአንድ ጊዜ ለመራመድ ይሞክርና ተጫዋቹ ግድግዳ ጥሶ ያልፋል። ጌሙ የራስ ከሆነ በሁለት ፍሬሞች መካከል የሚቆጠረውን ጊዜ በ100 ሚሊሰከንድ መገደብ ይበቃል፤ የሌላ ሰው ጌም ከሆነ ግን ከማቆሙ በፊት የጌሙን የራሱን የፖዝ ቁልፍ እንደተጫኑ አድርጎ መላክ ይረዳል።

የቆየው የሊኑክስ የመስኮት ሥርዓት፣ ኤክስ ሰርቨር፣ ባለበት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ጌሙ ሰርቨሩን ለራሱ ብቻ በያዘባት ቅጽበት ከቆመ፣ የቀሩት ፕሮግራሞች ሁሉ፣ የእርስዎ ሜኑ ጭምር፣ አብረውት ይቆማሉ። ከኤክስ በኋላ በመጣው በዌይላንድም ኮምፖዚተሩ «አለህ?» ብሎ የሚልከው ጥያቄ መልስ ሲያጣ የታገደውን ጌም እንደሞተ ሊቆጥረው ስለሚችል፣ ኮምፖዚተሩ የታገዱትን ለይቶ ማወቅ አለበት።

ራም ቢያልቅስ?

ያልቃል፤ ንድፉ መጀመር ያለበትም ይህን አምኖ በመቀበል ነው።

በ128 ሜጋባይት ራም ሁለት ጌሞችን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም ብሎ መነሣት ይበጃል። ይህን ያህል ራም ላለው ሚዩ ሚኒ የተዘጋጀው ኦኒየን የተባለው ሥርዓት ችግሩን የፈታበት መንገድ ብልህነት አለበት፦ ተጠቃሚው የሚያየው ከነምስሎቻቸው የተደረደሩ፣ በአንድ ቁልፍ የሚቀያየሩ ጌሞች ናቸው፤ ከውስጥ ግን ሬትሮአርክ የተባለው የኢሙሌተሮች ማስኬጃ የያዘው ጌም ያለበትን ሁኔታ ካርዱ ላይ አስቀምጦ ይዘጋል፣ የተመረጠውም ካለፈው ሁኔታው ይነሣል። በራም ውስጥ ምንጊዜም የሚኖረው አንድ ጌም ብቻ ነው። ይህ መልቲታስኪንግ አይባልም የሚሉ አሉ፤ ለተጠቃሚው ልዩነቱ ካልታየው ግን ክርክሩ ብዙም አይጠቅምም። ኢሙሌተር፣ ማለትም የሌላ ጌም ማሽንን አሠራር የሚያስመስል ፕሮግራም፣ የሚያስመስለውን ማሽን ሙሉ ሁኔታ ስለሚያውቅ ማስቀመጡ ይቀለዋል፤ ለሱፐር ኒንቴንዶ ለምሳሌ ዋናው ራም 128 ኪሎባይት፣ የቪዲዮው ደግሞ 64 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በቀጥታ ለሊኑክስ የተጻፈ ጌም ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ ክሪዩ የተባለው መሣሪያ ፕሮሰስን ወደ ፋይል ገልብጦ ማስነሳት ቢችልም፣ ጌሙ ከግራፊክስ ቺፑ ጋር የያዘው ግንኙነት በዚህ መንገድ በቀላሉ አይገለበጥም።

1 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ላላቸው መሣሪያዎች ዜድራም፣ ማለትም ሥራ ፈት የራም ገጾችን ጨምቆ እዚያው ራም ውስጥ የሚያኖረው ዘዴ፣ ለቆሙ ጌሞች ተስማሚ ነው። በሚሞሪ ካርድ ላይ ስዋፕ ማድረግን፣ ማለትም የራም ገጾችን ወደ ካርዱ ማዛወርን ግን አልመክርም፤ ይዘገያል፣ ካርዱንም ያደክማል።

ራሙ ጨርሶ ሲያልቅ ከርነሉ አንዱን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል። የሚሞተው በይነገጹ እንዳይሆን የግድያ ነጥቡን ከ-1000 እስከ 1000 ባለው መለኪያ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ብዙዎች የሚስቱት ነጥቡ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ መሆኑን ነው፦ በይነገጹ ራሱን ከጠበቀ በኋላ የሚያስነሳው ጌም ሁሉ ያንኑ ጥበቃ ይወርሳል፤ ከርነሉም ጌሙን መንካት አቅቶት የድምፅ ሰርቨሩን ወይም ሌላ አስፈላጊ ፕሮሰስ ይገድላል። ጌሙ ከመነሣቱ በፊት ነጥቡ ወደ ላይ መመለስ አለበት፤ ለቆሙት ጌሞች ደግሞ ከሚታየው ጌም ይበልጥ ከፍ ማለት አለበት።

የሜኑ ቁልፉ በጌሙ ውስጥም እየሠራ ያስቸግራል፤ ምን ላድርግ?

የሊኑክስ ከርነል የአንድን ቁልፍ መጫን መሣሪያውን ለከፈተ ፕሮግራም ሁሉ ያደርሳል፤ ሜኑው ውስጥ ወደ ታች ሲሉ ጌሙም ውስጥ ወደ ታች የሚሄዱት ለዚህ ነው። ለማስተካከል ትንሽ አገልጋይ ፕሮግራም ተጽፎ እውነተኛውን የቁልፍ መሣሪያ ለብቻው ይይዛል፣ ዩኢንፑት በተባለው የከርነል በር በኩልም ምናባዊ የጌም መቆጣጠሪያ ፈጥሮ ለጌሞቹ የሚፈቅደውን ብቻ ያስተላልፋል። የሜኑ ቁልፍ ከዚህ አገልጋይ አያልፍም።

እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ተጠቃሚው ቀኝ ቁልፍን እንደተጫነ ሜኑውን ይከፍትና እዚያ ይለቀዋል፤ መልቀቁን ያልሰማው ጌም ሲመለሱበት ወደ ቀኝ መሮጡን ይቀጥላል። አገልጋዩ ከመቀያየሩ በፊት ለተጫኑት ቁልፎች ሁሉ የመለቀቅ መልእክት ራሱ መላክ አለበት፤ ይህም ጌሙ ከመታገዱ በፊት መሆን አለበት።

ድምፁስ?

ፓይፕዋየር የተባለው የድምፅ ሰርቨር ያለበት መሣሪያ ላይ የሚቀር ሥራ የለም ማለት ይቻላል። የከርነሉን የድምፅ ሥርዓት አልሳን ብቻ በሚጠቀም መሣሪያ ላይ ግን፣ ሃርድዌሩ ራሱ ካላቀላቀለ ወይም ዲሚክስ የተባለው ማቀላቀያ ካልተዘጋጀ፣ አንድ ፕሮግራም ድምፁን ከያዘ ሁለተኛው «ተይዟል» የሚል ስሕተት ይደርሰዋል። ታግዶ የተመለሰ ጌም ድምፅ አልባ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የድምፅ ባፈሩ መድረቁንና እንደገና መዘጋጀት እንዳለበት የጌሙ ጸሐፊ አለማሰቡ ነው።

ጌሙ ቢንጠለጠል እንዴት ልዝጋው?

የሜኑ ቁልፉን ረዘም አድርጎ መጫን የግዳጅ መዝጊያ ቢሆን ተጠቃሚዎች በቀላሉ ይለምዱታል። መጀመሪያ በሥርዓት እንዲዘጋ የሚጠይቀው ሲግናል፣ ሲግተርም፣ ይላካል፤ ጌሙ ውጤቱን እንዲያስቀምጥ ጥቂት ሰከንዶች ይጠበቃል፤ አልሰማ ካለ አስገድዶ የሚገድለው ሲግኪል ይከተላል። በሲግስቶፕ የቆመ ፕሮግራም ሲግተርምን የሚያስተናግደው ሲግኮንት ከደረሰው በኋላ ስለሆነ፣ የቆመን ጌም በሥርዓት ለመዝጋት መልሶ ማስቀጠል ግድ ነው። ከከርነል 5.14 ወዲህ አንድን ሲግሩፕ ከነሙሉ አባላቱ በአንድ ትእዛዝ መግደልም ይቻላል። በተበላሸ ድራይቨር ውስጥ ተይዞ የቀረን ፕሮሰስ ግን ሲግኪልም አያድነውም፤ መሣሪያውን እንደገና ማስነሳት ብቻ ነው።

በይነገጹን በምን ብጽፈው ይሻላል?

ስቲም ዴክ ላይ የሚታየው ሜኑ በድረ ገጽ ቴክኖሎጂ በክሮሚየም ላይ የተሠራ ነው፤ 16 ጊጋባይት ራም ላለው መሣሪያ ይህ አይከብድም። ራሙ በመቶ ሜጋባይት ለሚቆጠር መሣሪያ ግን በሲ ወይም በሲ++፣ ኤስዲኤል ከተባለው የስዕል፣ የድምፅና የቁልፍ ላይብረሪ ጋር መሥራት ነው። በይነገጹ ጌሙ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ራም ውስጥ ስለሚቆይ፣ የሚበላው እያንዳንዱ ሜጋባይት ከጌሙ የተወሰደ ነው። ቁልፎቹን የሚጠብቀው አገልጋይ ከሜኑው ተለይቶ ቢጻፍ፣ ሜኑው ሲፈለግ ብቻ ተነሥቶ ሥራውን ሲጨርስ ሊጠፋ ይችላል።

ሜኑውን በአማርኛ ማሳየት ይከብዳል?

ለማሳየት አይከብድም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኮድ ስላለው እንደ ዓረብኛ የፊደላቱን ቅርጽ እንደየቦታቸው የሚቀያይር ሶፍትዌር አያስፈልገውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት መጫን ይበቃል። የሚያስቸግረው የስክሪኑ ትንሽነት ነው። ቀን ከቁ፣ ጨን ከጬ የሚለየው ቀጭን ጭረት ስለሆነ፣ ለላቲን ፊደል የሚበቃው ባለ 8 ፒክሰል ጽሑፍ ለእኛ አይነበብም፤ እኔ ከ14 ፒክሰል በታች አልወርድም፤ በ320 በ240 ስክሪን ላይ ይህ ማለት የሜኑውን መስመሮች መቀነስ ማለት ነው።

መጻፉ የበለጠ ማሰብ ይጠይቃል። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው በአንድ ገበታ ላይ መደርደር 231 ምልክቶች ስለሚሆን በአቅጣጫ ቁልፍ መፈለጉ ያሰለቻል። ግዕዙን በአቅጣጫ ቁልፉ መርጦ፣ ቤቱን በአናሎግ ስቲኩ አቅጣጫ መወሰን የሚቻልበት ገበታ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ከስምንቱ አቅጣጫዎች ሰባቱ ለሰባቱ ቤቶች ሲውሉ፣ ስምንተኛው እንደ ቋና ጓ ላሉት ይተርፋል።

መሣሪያው ገና በእጄ ከሌለ ከየት ልጀምር?

ሊኑክስ ያለው ማንኛውም ላፕቶፕ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ጌምስኮፕ በዴስክቶፕ ላይ እንደ አንድ መስኮት ሆኖ መነሣት ስለሚችል የስክሪኑን ርክክብ እዚያው መፈተን ይቻላል። ሲግሩፕ የራምና የፕሮሰሰር ገደብ ስለሚያስቀምጥ፣ ጌሙንና በይነገጹን በ128 ሜጋባይት ውስጥ ዘግቶ ማን መጀመሪያ እንደሚገደል ማየትም አይቸግርም። ለቁልፎቹ የዩኤስቢ ጌም መቆጣጠሪያ ይበቃል። ላፕቶፑ የማያሳየው የሚሞሪ ካርዱን ዝግታ፣ የባትሪውን ፍጆታና የድራይቨሩን ጠባይ ነው። በተለይ ሁኔታን ካርድ ላይ እያስቀመጠ የሚቀያየር በይነገጽ፣ በላፕቶፕ ዲስክ ላይ በቅጽበት የሚጨርሰው ሥራ በርካሽ ካርድ ላይ ተጠቃሚው ቁልፉን ደግሞ እስኪጫን ድረስ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ማስቀመጡ እስኪያልቅ ድረስ ሁለተኛውን መጫን እንዳይቀበል ተደርጎ ከወዲሁ መጻፍ አለበት።